አሥራ ሁለት ደቂቃ ድምፅ

በ2061 ዓ.ም. የኮምቦልቻ የሙዚቃ ሳምንት ሦስተኛ ቀን፣ መሬማ ይማም ጠረጴዛ ቁጥር አሥራ አራትን የከፈተችው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አረንጓዴ ሰደርያዋን ለበሰች፤ ጃንጥላውን ዘረጋች፤ የበረዶ ውሃውን ከነብርጭቆው በስተቀኝ አስቀመጠች፤ እንግዳ የሚቀመጥበትን ባለመደገፊያ ወንበር ወደ ጥላው ሳበች። ወንበሩ የሚቀመጥበት ቦታ በመመሪያ የተወሰነ ነው። ከፀሐይ ወጥቶ ጥላ ውስጥ የገባ ሰው ሰውነቱ ይላላል፣ የላላ ሰው ብዙ ያወራል ተብሎ በሥልጠናው ተነግሯቸዋል።

ጠረጴዛው የእፎይታ ንቅናቄ ነው። አሮጌው አውሮፕላን ሜዳ ዙሪያውን በፓርቲዎች ጠረጴዛ ተከቧል፤ ሰው የሚሰለፈው ግን እፎይታ ዘንድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ በቀን ሠላሳና አርባ ጥያቄ ይቀርብለታል። የውሃው ፈረቃ ይቀየር ወይ? የገበያው አጥር ወደ ውስጥ ይግባ ወይ? የማታው ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይ? ሕጉ ሁሉም ቃሉን እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ሦስት ቀን ዝም ያለ ሰው መብራቱ ይቆረጣል። ስለዚህ እፎይታ በሰው ፈንታ ቃል የሚሰጥ የማሽን እንደራሴ ያበጃል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ላለው መሣሪያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ስለፈለገው ነገር ያወራል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ወገብ ሕመሙ፣ ስለሚጠላው ጎረቤቱ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሙዚቃው ይሄዳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእሱ ድምፅና በእሱ አነጋገር የሚመልስለት አለ። እሱ አርፎ ይተኛል።

አብረዋት የሚሠሩት ጋሽ አሊ ሙሄ ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ ጭር ስላለባቸው፣ ሰው ሲያወራ ለመስማት ብለው ነው በጎ ፈቃደኛ የሆኑት። የሚመዘገበውን ሰው እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዴም ከባለጉዳዩ ጋር አብረው ያለቅሳሉ። መሬማ ሁለት ዓመት አጠገባቸው ስትቀመጥ ስለራሷ የነገረቻቸው ባሏ መሞቱን ብቻ ነው።

ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጨርቁ ጀርባ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መዘውር አለች። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ተጽፎባታል። ማዘንበያ ይሏታል። አንድ ላይ ስትሆን እንደራሴው እምቢታ ያበዛል፤ ዘጠኝ ላይ ስትሆን የጠየቁትን ሁሉ እሺ ይላል። መመሪያው አራት ላይ ትሁን ይላል። አራት ላይ ከመሣሪያው ጀርባ ያለችው መብራት አረንጓዴ ናት፤ ከሰባት ስታልፍ ቢጫ ትሆናለች። መብራቷ የምትታየው ለሚመዘግበው ሰው ብቻ ነው፤ ወንበሩ ላይ ያለው አያያትም።

መሬማ ስለ ማዘንበያዋ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ባሏ ሐምዛ የፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በዚሁ በዓል፣ በዚሁ ሜዳ፣ እግሯ ዝሎ ስለነበር ጥላ ያለበት ቦታ እንፈልግ ያለችው እሷ ናት። ያገኙት ጥላ የእፎይታ ጠረጴዛ ነበር። የሚመዘግበው ሰው ወጣትና ሳቂታ ነው፤ ስሙም ውብአንተ ካሳው ይባላል። ለሁለቱም ውሃ ቀዳላቸው። እሷ ለራሷ አልፈለገችም፤ ሐምዛ ግን የዕለቱ ጥያቄ እንደ ዝንብ ያስመርረው ነበርና እሷም ተመዝገብና እረፍ አለችው። ተቀመጠና አሥራ ሁለት ደቂቃ አወራ። ስለ ማሽኖቹ አወራ፤ ሚስቱ ወጥ ላይ ጨው እንደምታበዛ አወራ፤ ውብአንተ እየሳቀ ሰማው።

በአራተኛው ወር ሐምዛ ሥራ ላይ እያለ ደም ራሱ ውስጥ ፈሰሰና ወደቀ። አንደበቱ ተያዘ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሃያ ሁለት ቀን ተኛ፤ ዓይኑ ግን ይከተላት ነበር፤ እጁን ስትይዘው ይጨብጣታል። በሃያ ሦስተኛው ቀን ለትንሽ ጊዜ ወጥታ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። በዚያ ሳምንት ለከተማው አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ ከሃያ ቀን በላይ በመሣሪያ የቆየ ሕመምተኛ መሣሪያውን ለሌላ ይልቀቅ ወይ የሚል። በመሣሪያ ላይ ያሉት ሰዎች ስለ ራሳቸው ለየብቻ ተጠይቀዋል። ለመሬማ የሐምዛን መልስ አሰሟት። ድምፁ የራሱ ነው። «እሺ፣ ምን ቸገረኝ፣ ይውሰዱት» ይላል፣ ማሽን ሲጠግን መፍቻ ለሚለምነው ሰው እንደሚለው።

ይሄ እሱ አይደለም አለች። የባለቤትዎ ቃል ነው ተባለች። አራት መሥሪያ ቤት ዞረች፤ አራቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጧት። አንደኛው ላይ ያስገባችው አቤቱታ የደረሰው ራሱ ውብአንተ ዘንድ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የእፎይታ የከተማው አስተባባሪ ሆኗል። መልሱን በደብዳቤ ላከላት። ሁለት መስመር ነው፤ እንደራሴው ሟቹ ራሱ ስለሆነ አቤቱታው የሚቀርበው በሟቹ ላይ ነው ይላል። ስሟን እንኳ አሳስቶ ጽፎታል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አረፈች እንጂ አልረሳችም። ከዚያ ሄዳ በጎ ፈቃደኛ ሆነች። ታታሪ ነበረች፤ አታረፍድም፣ አታማርርም። በሁለተኛው ዓመት የድሮ መዝገቦችን እንድታደራጅ ቁልፍ ሰጧት። የማዘንበያዋ ቁጥር የሚጻፈው በወረቀት ላይ፣ በእጅ፣ ከስም ጎን ነው። ሐምዛ ሰይድ በሚለው ስም ጎን 9 ተጽፎ አገኘች። ከላይም 9፣ ከታችም 9። በዚያ በዓል የተመዘገቡት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ሁሉ ዘጠኝ ናቸው፤ ከሥር የውብአንተ ፊርማ አለ። መዝገቡን ዘግታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። በማግስቱም በሰዓቷ ሥራ ገባች።

አሁን ውብአንተ ለክልሉ ሊቀመንበርነት ተወዳድሯል። ሹመኞች እንደራሴ የላቸውም፤ በራሳቸው አፍ ነው የሚናገሩት። ይሄ ነገር በቅርቡ ሕዝቡን ማስቆጣት ጀምሮ ነበር፤ እኛን በማሽን እያናገሩ እነሱ ለምን ይለያሉ የሚል ወሬ በየሠፈሩ ይናፈሳል። ስለዚህ ንቅናቄው በበዓሉ ሦስተኛ ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ ውብአንተ ሕዝብ ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዲመዘገብ ወሰነ። የተመረጠው ጠረጴዛ ቁጥር አሥራ አራት ነው፤ ከመድረኩ አጠገብ ስለሆነና መሬማ የምትታመን ስለሆነች።

ዋዜማውን አንድ የንቅናቄው ሰው መጥቶ አሠራሩን አስረዳት። መሣሪያው ጠፍቶ ይቆያል። ውብአንተ ለመምሰል ያህል ያወራል። ሲጨርስ እሷ በድምፅ ማጉያው የሙከራ ጥያቄ ታነባለች፤ ከባቲና ከአምባሰል የትኛውን ቅኝት ይወዳሉ የሚል። ቀድሞ የተቀዳ መልስ ይሰማል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ገባኝ አለችው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መድረክ ላይ የነበረው ማሲንቆ ቆመ። ውብአንተ በአጃቢ መሐል እየሳቀ መጣ። ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ሚስቱ ወይዘሮ እልፍነሽ ከመድረኩ ሥር ከእንግዶች ጋር ቆማለች። ከአርባ ሺህ የማያንስ ሰው ሜዳው ላይ አለ። ውብአንተ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና መሬማን ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ ብዙ አደከምንሽ» አላት።

አላወቃትም። ያውቀኛል ብላ አልጠበቀችም ነበር። ውሃ ቀዳችለት። በግራ እጇ ጨርቁን ገልጣ መሣሪያውን አበራችው፤ መዘውሯንም እስከ መጨረሻው አዞረቻት። መብራቷ ቢጫ ሆነች። ጋሽ አሊ አጠገቧ ነበሩ።

ውብአንተ ማውራት ጀመረ። መጀመሪያ ስለ ንቅናቄው ነበር፤ ከዚያ ጥላው ያዘውና ላላ። በስምንት ዓመቱ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲወስደው አንዲት ልብስ አጣቢ ጸጉሩን ይዛ እንዳወጣችው ተናገረ። ሴትየዋ በጥፊ መትታው ሄደች፤ እሱም እስከ ዛሬ ስሟን አያውቀውም። ይሄን ሲል ድምፁ ትንሽ ሰለለ። ንግግሩን ሁሉ «እውነት ለመናገር» እያለ ነው የሚጀምረው። መሬማ ሰዓቱን እያየች ሰማችው። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ሴትየዋ ባታወጣው ኖሮ ብላም አሰበች፤ ያም ሐሳብ አላሳፈራትም።

አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ሞላ። የድምፅ ማጉያውን አነሳች። የተሰጣትን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተችና በዝግታ፣ አንድ አንዱን ቃል እየለየች ጠየቀች።

«አቶ ውብአንተ ካሳው፣ ከስድስት ዓመት በፊት በዚህ ሜዳ የተመዘገቡ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎችን፣ ማዘንበያውን ዘጠኝ ላይ አድርገው ሁሉን እሺ እንዲሉ ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

የውብአንተ ፊት ገና ፈገግታ ላይ ነበር። መልሱ ከሜዳው ዙሪያ ካሉት ማጉያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ።

«እውነት ለመናገር፣ አዎ። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው ያደረግኩት።»

እንደራሴው የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ መሬማ ታውቃለች። ፀሐይን አንተ ነህ ወይ የሠራሃት ብትለውም አዎ ይላት ነበር። የተባለው ነገር ግን እውነት ነው። ይሄን በሜዳው ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ውብአንተ ብድግ አለ። አፉን ከፍቶ ወደ መሣሪያው እጁን ዘረጋ፤ ሊለው የፈለገውን ቃል መሬማ ከከንፈሩ አነበበችው። እሷ ራሷ ስለ ሐምዛ አራት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለችው «አይደለም» የሚል ቃል ነው። ካለው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በእንደራሴ አፍ የተባለ እሺ ሁሉ ይፈርሳል፤ የፈረሰ ቤት፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የተነቀለ መተንፈሻ ሁሉ ባለቤት ያጣል። ካላለው የታሰረ ሰው ነው። ከመድረኩ ሥር ወይዘሮ እልፍነሽ ባሌ አይደለም፣ እሱ አይደለም የሚናገረው እያለች ሰው እየገፋች ስትመጣ ጠባቂ ያዛት።

በዚህ መሐል ውብአንተ እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ። ጆሮው ውስጥ ባለው ማዳመጫ ከንቅናቄው የሚያናግረው ሰው አለ። ለረጅም ጊዜ ሰማ። አንዴ ራሱን ወዘወዘ፤ ደግሞ ሰማ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ማጉያውን ከመሬማ እጅ ተቀበለ።

«እንደራሴዬ የተናገረው ቃል የእኔ ቃል ነው» አለ። «ሕጉ ለሁላችንም አንድ ነው። ጥፋቴን ተቀብያለሁ።»

አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ቀጥሎ ሜዳው በሙሉ አጨበጨበ። ሁለት ጠባቂዎች መጥተው በግራና በቀኙ ቆሙ። ሲወስዱት ዞር ብሎ መሬማን ለሁለተኛ ጊዜ አያት፤ አሁን ማን እንደሆነች ለማስታወስ እየሞከረ ነበር። አልነገረችውም። እስር ቤት ቁጭ ብሎ ሲፈልጋት እንዲኖር ትታዋለች። ውስጧ የሞቀ ነገር ሲሰራጭ ተሰማት፤ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ይሄን ነበር። ደስ አላት። ቶሎ ማለቁ ብቻ ነው ያናደዳት።

ማሲንቆው እንደገና ሲጀምር ጠረጴዛው ፊት ያለው ሰልፍ እስከ ሜዳው በር ድረስ ደርሶ ነበር። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት፣ ሹሙን ያልማረ መሣሪያ እኔን አይከዳኝም እያለች ለኋለኛዋ ታወራለች። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ሰው መዝግበው ለሦስት መቶ ሰው የነገ ተራ ሰጡ፤ ጠረጴዛ ቁጥር አሥራ አራት ከቆመ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። መሬማ መዘውሯን ወደ አራት መልሳ ለእያንዳንዱ ውሃ ስትቀዳ ዋለች። ሰልፉን ስታይ ያልጠበቀችው ነገር እንደተፈጠረ ገብቷታል፤ ግን እሷ የመጣችው ለአንድ ሰው ነው፣ እሱም ሄዷል።

ጠረጴዛውን ሲያጥፉ ጋሽ አሊ ቀኑን ሙሉ ያልተናገሩትን ተናገሩ።

«መብራቷ ቢጫ ነበረች፣ መሬም» አሏት።

መሬማ ጃንጥላውን ማጠፍ ቀጠለች።

«ለባልሽ ብለሽ ነው?»

«ለራሴ ብዬ ነው፣ ጋሽ አሊ።»

ሽማግሌው ሰደርያቸውን አውልቀው አራት ቦታ አጠፉት፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጡትና ሳይሰናበቷት ሄዱ። በኋላ መርማሪዎች ቤታቸው ሄደው ሲጠይቋቸው፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ምንም አላየሁም አሉ።

መሬማ ለምስክርነት ደሴ የተጠራችው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ከእሷ በፊት ከንቅናቄው ሦስት ሰዎች ቀርበዋል፤ መሣሪያው ጠፍቶ መቆየት ነበረበት ብሎ የተናገረ አንድም አልነበረም። እሷ ስትገባ ወይዘሮ እልፍነሽ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጫማዋ ሁለት ዓይነት ነው፤ በጥድፊያ ተጫምታ የወጣች ይመስላል። እንድትገባ አልተፈቀደላትም። መሬማ ሐምዛ የሞተ ጊዜ በተመሳሳይ ኮሪደሮች ያሳለፈቻቸውን ሰዓቶች እያስታወሰች አየቻት፤ ከዚያ በሩን ገፍታ ገባች።

መርማሪው ትሁት ሰው ነው። እንደራሴ ስለሌላት በራሷ አፍ መመስከር እንደሚኖርባት ይቅርታ ጠይቆ ነገራት። ጥያቄውን ከየት አመጣሽው አላት፤ ከመዝገቡ ላይ ያየሁትን ነው የጠየቅኩት አለች። መዝገቡ ቀርቦ 9 ቁጥሮቹ ታይተዋል። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ በአቶ ውብአንተ ስም ጎን ቁጥር አልተጻፈም፣ ሲመዘገቡ ማዘንበያው ስንት ላይ ነበር ብሎ ጠየቃት።

ወንበሩ ላይ እየተመቻቸች አሰበች። ዘጠኝ ካለች ቃሉ ይሻራል፤ መዝገቡ ብቻውን ስለማያስቀጣም ውብአንተ ማታውኑ ቤቱ ይገባል። እሷ ትታሰራለች። ከእሷ ጋር ግን ዘጠኝ ላይ የተባለ ቃል ቃል እንዳልሆነ ይታወቃል፤ የሐምዛ እሺታ እሺታ እንዳልነበረ በመንግሥት ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ያን ሰልፍ የተሰለፉት ሁሉ ድምፃቸውን ሊመልሱ ይመጣሉ። ይሄ ከስድስት ዓመት በፊት ሕይወቷን ሰጥታም ቢሆን የምትመርጠው ነገር ነበር። አራት ካለች ውብአንተ አሥራ ሁለት ዓመት ይታሰራል።

ያንን ሁለት መስመር ደብዳቤ አስታወሰች። ስሟን መርየም ብሎ ነበር የጻፈው።

«አራት ላይ ነበር» አለች።

መርማሪው ጻፈው። አመሰገናት። ፈረመች።

ስትወጣ እልፍነሽ ከአግዳሚው ተነስታ መንገዷ ላይ ቆመች። አልጮኸችም። ቀኑን ሙሉ ስትለማመደው የዋለችውን ነው የተናገረችው። እርስዎ አጠገቡ ነበሩ፤ እሱ እንዳልተናገረ አይተዋል፤ እባክዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ፣ ለእነሱም ባይሆን ለእኔ አለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

መሬማ ቦርሳዋን በትከሻዋ አስተካከለች። ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ማለፍ ግን በቂ ሆኖ አልታያትም። እንዲህ ያለውን ነገር አውቆ ማስረዳት አለመቻል እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለች። ለሌላ ሰው ልትሰጠው የምትችለው ነገር ይሄ ብቻ ነበር፣ የቀረውን ሁሉ ጨርሳለች።

«ዘጠኝ ላይ ነበር» አለቻት። «ያዞርኩት እኔ ነኝ። ውስጥ ግን አራት ብዬ ፈርሜያለሁ። ብትናገሪ ማንም አያምንሽም።»

እልፍነሽ ግድግዳውን ያዘች። መሬማ የሴትየዋን ልቅሶ ለማየት ቆማ ጠበቀች፤ እልፍነሽ ግን አላለቀሰችም። ፊቷ ቀስ በቀስ እየደረቀ ሄደ። ቀና ስትል አስተያየቷ ተለውጧል፤ መሬማን ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት፣ በኋላ ከብዙ ሰው መሐል ለይታ ማወቅ እንደሚኖርባት ሰው።

«የእፎይታ የበጎ ፈቃደኞች ምዝገባ የት ነው?» አለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር።

መሬማ መንገዱን ነገረቻት። ኮምቦልቻ ስትገቢ የቦርከናን ድልድይ ተሻግረሽ፣ በስተግራ ሁለተኛው ፎቅ፣ ከፋርማሲው በላይ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው አለቻት።